አመዛዛኝ ጽሑፍና የማሳመን ዘዴ፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ሳቢያን ሰፈር ተማሪዎችን ጽሑፍ አስጠናለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማመልከቻ ይዛ የምትመጣ ጎረቤት አለች። ጥያቄያቸው ግን ይመሳሰላል። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ድሬ ላይ "አንቱ" ብዙም አይሠራም። ስለዚህ አንዱን መልስ "አንተ"፣ ሌላውን "አንቺ" እያልኩ እሄዳለሁ። ማንም እንዳይቀየም።

አመዛዛኝ ጽሑፍ የሚባለው የትኛው ነው?

ትምህርት ቤት ድርሰትን ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ እያልን ነው የተማርነው። ልዩነቱን በቀፊራ ገበያ ላሳይህ። "ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ሄጄ ሞባይሌን ተሰረቅሁ" ብለህ ከጀመርክ ተራኪ ነው። የቃሪያውን ክምር፣ የአህያውን ጩኸት፣ የሴቶቹን ሻሽ ቀለም ካሳየኸኝ ስዕላዊ ነው። ሽንኩርቱ ከየት እንደሚመጣና በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ ካስረዳህ ገላጭ ነው። "ባጃጅ ቀፊራ ውስጥ መግባት የለበትም" ካልክ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሰው ከተጋደመበት ቀና ብሎ "ለምን?" ይልሃል።

ዋናው ያ ሰውዬ ነው። እሱ ከሌለ አመዛዛኝ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ርዕስ ስትመርጥ "ጤነኛ ሰው በዚህ ሊከራከረኝ ይችላል?" ብለህ ራስህን ጠይቅ። "ድሬዳዋ ትሞቃለች" ብትል የሚከራከርህ የለም። "ንጽሕና ጥሩ ነው" ብለህ ሁለት ገጽ ብትሞላ ማንም አይቃወምህም። አንብቦ የሚጨርስህም የለም።

ማመዛዘንና ማሳመን ያው አይደሉም እንዴ?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ ያው አይደሉም። አመዛዛኝ ጽሑፍ ምክንያትና ማስረጃ ይደረድራል፣ ሌላውንም ወገን ይሰማል፣ ከዚያ "ፍርዱን አንቺው ስጪ" ይላል። ማሳመን ደግሞ ውጤት ይፈልጋል፤ አንባቢው እንዲገዛ፣ እንዲፈርም፣ እንዲመርጥ፣ እንዲተው። የሳሙና ማስታወቂያ ያሳምናል እንጂ አያመዛዝንም። ጥሩ ማመልከቻ ሁለቱንም ያደርጋል።

ክርክር ከምን ከምን ይሠራል?

ስቲቨን ቱልሚን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ክርክርን ስድስት ቦታ ፈታትቶ አሳይቷል። ተማሪዎቼ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል። ስለዚህ እኔ በጃኬት ነው የማስረዳው።

እናትሽ "ሐረር ከሆነ የምትሄጂው ጃኬት ያዢ" አለችሽ። ይህ አቋሟ ነው። "ለምን?" አልሻት። "ሐረር ደጋ ነው" አለች። ይህ ማስረጃዋ ነው። እውነቷን ነው፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ግን ከፍታና ጃኬትን ምን አገናኛቸው? መሃላቸው ሳይነገር የታለፈ ሐሳብ አለ፦ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። ይህን እኔ ድልድይ እለዋለሁ። "እርግጠኛ ነሽ?" ካልሻት ለድልድዩ ድጋፍ ታመጣለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሐረር ከድሬ ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። "በተለይ ማታ" ብላ ስትጨምር አቋሟን በልኩ አደረገችው። "ቀን ሄደሽ ቀን የምትመለሺ ከሆነ ግን ተዪው" ካለች ደግሞ አቋሟ የማይሠራበትን ቦታ ራሷ ነገረችሽ። ስድስቱም ተሟሉ። እናትሽ ስለ ቱልሚን ሰምታ አታውቅም።

የተማሪ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ድልድዩ ላይ ነው። "ተማሪዎች ስልክ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ውጤታቸው ዝቅ ብሏል" ይላል። ከስልኩ ወደ ውጤቱ የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም አልሠራውም። እንቅልፍ ነው? የጥናት ሰዓት ነው? ወይስ ክፍል ውስጥ ነው የሚነካኩት? አንዱን ምረጪና እሱን ጻፊው።

ሎጎስ፣ ፓቶስ፣ ኢቶስ የሚሉት ምንድን ነው?

የአርስቶትል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት። ተናጋሪ ሰውን የሚይዝበት መንገድ ሦስት ነው አለ፦ በምክንያት፣ በስሜትና በራሱ ታማኝነት። ሎጎስ ምክንያቱ ነው፣ ፓቶስ ስሜቱ፣ ኢቶስ ታማኝነቱ። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል። ስሜቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆች በጣም የሚሳሳቱት እዚያ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አንዲት ተማሪዬ "ወንዝ ዳር ቤት መሥራት ይከልከል" ብላ ጻፈች። ጎርፉ ላይ ስትደርስ "ልብ የሚሰብር፣ ዘግናኝ፣ እጅግ በጣም አሳዛኝ" እያለች ሦስት መስመር ሞላች። ምንም አልተሰማኝም። "እናትሽ ያን ሌሊት የት ነበረች?" አልኳት። ቤቷ ሄዳ ጠይቃ በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። እናትየው ድምፁን መጀመሪያ የከባድ መኪና መስሏት ነበር። ጠዋት በር ስትከፍት የማን እንደሆነ የማታውቀው መሶብ ጭቃ ሞልቶት ደጇ ላይ ተቀምጧል። ለባለቤቱ ለመመለስ አጥባ ብዙ ጊዜ አስቀመጠችው። የጠየቃት የለም።

በዚያ ወረቀት ላይ "አሳዛኝ" የሚል አንድም ቃል የለም። ክፍሉ ግን ጭጭ አለ። ስሜት የሚመጣው ከቅጽል ሳይሆን ከነገሩ ነው። ከመሶቡ ቀጥሎ ደግሞ ምክንያቱ መምጣት አለበት፦ ውሃው የሚመጣው ከላይ ካሉት ተራሮች ነው፣ ድሬ ላይ ዝናብ ሳይኖር እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፣ ሰዓቱም ሌሊት ከሆነ የሚያስጠነቅቅ የለም። መሶቡ ብቻውን ያስለቅሳል እንጂ ቤት ከወንዝ ዳር አያነሳም።

ኢቶስ ቀላል ይመስላል፤ ግን ጽሑፍህን መጀመሪያ የሚገድለው እሱ ነው። የሰውየውን ስም አሳስተህ ከጻፍክ፣ ያላየኸውን "በዓይኔ አይቻለሁ" ካልክ፣ ቁጥር ከአየር ላይ ካመጣህ አለቀልህ። አጠራርም አለ። እዚህ ድሬ ትልቅ ሰው ቢመጣ "አንተ" ብንለው ፍቅር ነው። ቢሮ የሚገባ ማመልከቻ ግን "እርስዎ" ይላል። አንድ ልጅ ለኃላፊው "አንተ እንደምታውቀው አቦ" ብሎ ጀምሮ አንብቤ ለአምስት ደቂቃ ሳቅሁ።

የተቃራኒዬን ሐሳብ ጽፌ ለምን ጉልበት እሰጠዋለሁ?

ይህን ራሴም ጠይቄዋለሁ። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ክረምቱን ፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ሥር ታይፕ ዘርግቶ ራፖር የሚጽፍ ጋሼ ዘንድ ወረቀት በማቀበል አሳለፍኩ። ("እሳቸው" ማለት ነበረብኝ፤ ግን ድሬ ነው፣ እሱንም "አንተ" ነበር የምለው።)

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ጎረቤቷ ግድግዳ ሠርቶ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሁሉ እሷ ቤት ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራች። አለቀሰች፣ ተራገመች፣ ምስክሮቿን ቆጠረች። ጋሼ ጣቱን ታይፑ ላይ አላሳረፈም።

"እሺ እህቴ" አላት ስትጨርስ። "እሱስ ምን ይላል?"

"እሱማ ውሸታም ነው!"

"ይሁን። ውሸታሙ ምን ይላል?"

ትንሽ ዝም አለች። "ግድግዳው በገዛ ድንበሬ ላይ ነው ይላል።"

"እውነት ነው?"

አሁን ብዙ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። "ድንበሩስ የራሱ ነው።"

ያኔ ነው ጋሼ ወረቀቱን ታይፑ ውስጥ የከተተው። አቤቱታው ስለ ውሃ አልጀመረም። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ የሚል ነበር፦ "ግድግዳው በተከሳሽ ይዞታ ላይ መሠራቱን አልክድም። አቤቱታዬ ስለ ድንበሩ ሳይሆን ስለ ውሃው ነው።" ከዚያ በኋላ ውሃው መጣ፤ ከየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚገባ፣ ምን እንዳበላሸ።

ሴትዮዋ ስትሄድ "ለሰውየው አደላህለት እኮ" አልኩት። ሳቀብኝ። "ዳኛው ይህን ነገር መስማቱ አይቀርም" አለ። "ከእሱ ከሚሰማው ከእሷ ይስማው።" ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም፤ ትምህርት ተከፈተ። ያቺ አንድ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ከመጻፌ በፊት "እሱስ ምን ይላል?" እላለሁ።

አዲስ ነገርም አይደለም። የድሮው በልሃ ልበልሃ ሙግት ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው "ተጠየቅ" እየተባባሉ፣ በማር በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። የሌላውን ነገር ያልሰማ እንዴት መልስ ይሰጣል? በጽሑፍ ጊዜ ችግሩ ተቃራኒሽ ፊትሽ አለመቆሙ ነው። ራስሽ ማቆም አለብሽ።

ስታቆሚው ደግሞ በሁለት እግሩ አቁሚው። ደካማውን መልስ መርጠሽ በእሱ አፍ ከከተትሽ አንባቢው ይታዘብሻል። "እርግጥ ነው…"፣ "… መባሉ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ…" የሚሉት መሸጋገሪያዎች ለዚህ ነው የተሠሩት። ትክክል የሆነውን ቦታ ስጪው። ከዚያ ያንቺ ነገር ከየት ላይ እንደሚጀምር አሳዪ።

አንቀጹን እንዴት ልጀምር?

በኃይለ ቃሉ፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ በያዘው ዓረፍተ ነገር። ማሟሟቂያው፣ መቅድሙ፣ "ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ" የሚለው ሁሉ ይቅር። ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ልጅ ስለ ከሰዓት ፈረቃ እንዲህ ጻፈ፦

"ትምህርት ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው። እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ሞቃታማ ከተማ ናት። ሙቀት ደግሞ ለጤና ጠንቅ ነው። ስለዚህ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ ይውሰድ።"

አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አራቱንም ማንም አይቃወምም። "የሚመለከተው አካል" ማን ነው? "አስፈላጊው እርምጃ" ምንድን ነው? ልጁ ራሱ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን እንዲህ ሆነ፦

"በግንቦትና በሰኔ የከሰዓት ፈረቃ ወደ ጠዋት መዛወር አለበት። ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እኛ ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነን። ሐሙስ ዕለት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስቆጥር አሥራ አንድ ልጆች ዴስክ ላይ ተደፍተው ተኝተዋል። ሁለቱን ፈረቃ በአንድ ጠዋት የሚይዝ ክፍል የለም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ፈረቃ የመጣውም በክፍል እጥረት ነው። ግን ስድስቱ ክፍለ ጊዜ ከ40 ወደ 30 ደቂቃ ቢያጥር አንዱ ፈረቃ ከ12:30 እስከ 3:30፣ ሌላው ከ3:45 እስከ 6:45 ይማራል።"

አሁን የሚከራከረው ተገኘ። "በቀን አንድ ሰዓት ትምህርት ልታስቀርብን ነው?" የሚል መምህር ይነሳል። በጣም ጥሩ። ሁለተኛው አንቀጽ የእሱ ነው። ልጁ የጻፈለት መልስ "ስድሳ ደቂቃ ንቁ ሆኖ ማጣት ይሻላል ወይስ ሰማንያ ደቂቃ ተኝቶ ማጣት?" የሚል ነበር። እኔ ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። ቢያንስ ግን እያወራን ነው።

"እንደሚታወቀው" የሚለውን ቃል እኔ ጋ ከጻፍክ አሰርዝሃለሁ። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትነግረኛለህ?

ተረትና ምሳሌ ማስረጃ ይሆናል?

አይሆንም። ያምራል፣ ያስታውሳል፣ አንባቢን ያቀርባል፤ ግን አያረጋግጥም። "አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል" ብለሽ ተናገሪ ስትዪኝ፣ እኔ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብዬ ዝም አሰኝሻለሁ። ሁለቱም የአያቶቻችን ናቸው። ማን አሸነፈ? አንድ ተረት በአንድ ጽሑፍ፣ ያውም ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ። እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ጥሬ ሥጋው ሳይመጣ ብቻውን አይቀርብም።

ቁጥርስ? ቁጥር ከሌለ ክርክር አይሆንም ይባላል።

ያየኸውን መቁጠር ትችላለህ። አሥራ አንዱ ተኝተው የነበሩ ልጆች ቁጥር ናቸው። ሌላ ሰው የቆጠረው ከሆነ ማን፣ መቼ፣ የት እንደቆጠረው ጻፍ። "ጥናቶች እንደሚያሳዩት" ብለህ ጥናቱን ካላመጣህ "ሰዎች እንደሚሉት" ከማለት አይሻልም።

ሕጸጽ የሚሉትን በቀላሉ እንዴት ልለየው?

ሕጸጽ ማለት ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ክርክር ነው። ፍሬሽማን ላይ የሎጂክ ኮርስ አለ፤ የሕጸጹን ስም ሁሉ እዚያ ትሸመድጂያለሽ። እኔ ግን የከሰዓት በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ። (ቃሙ አላልኩም፤ ሻይ ይዞም ይሰማል።) የከሰዓት ፈረቃውን ጉዳይ እዚያ ብታነሺ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግማሹን ኮርስ ትሰሚዋለሽ።

አንዱ "አንቺ ራስሽ መቼ ጠዋት ተነስተሽ ታውቂያለሽ?" ይላል። ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪዋን መታ። ሁለተኛው "ልጆቻችን በጨለማ ይንከራተቱ ነው የምትይው?" ይላል። ያላልሽውን አስብሎ እሱን ይደበድባል። ሦስተኛው "ወይ ሙቀቱን ቻሉ፣ ወይ ትምህርቱን ተዉት!" ብሎ ሦስተኛውን በር ይዘጋል። አራተኛው የአጎቱ ልጅ ከሰዓት ተምሮ ዶክተር ሆኗል፤ ስለዚህ ከሰዓት መማር ችግር የለውም። አንድ ሰው ለመላው ከተማ መሰከረ። አምስተኛው ጨዋታውን ወደ ባቡር ይወስደዋል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ኑሮ ተወደደ፣ ስለዚህ ያስወደደው ባቡሩ ነው። ተከትሎ መምጣትና በእሱ ምክንያት መምጣት ይለያያሉ። ከባቡሩ በኋላ ስንት ነገር መጥቷል፤ የእኔም ጸጉር መመለጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕጸጽ ማወቅ ደስ ስለሚል ሰው ላይ መጮህ ያምርሻል። "ይሄ ሕጸጽ ነው!" ተብሎ ሐሳቡን የቀየረ ሰው አላጋጠመኝም። ሕጸጹን መጀመሪያ የራስሽ ወረቀት ላይ ፈልጊው።

ሻጭ ሲያሳምነኝ ለምን አልነቃም?

ስላልተከራከረህ። ሮበርት ቻልዲኒ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 እነዚህን ዘዴዎች ስድስት አድርጎ ዘረዘራቸው። ለእኛ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ መዞር ይበቃል። ጫማ እያየህ ነው። ልጁ ወንበር ይስብልሃል፣ ውሃ ያቀብልሃል። ውለታ ገባህ። "የማን ሰፈር ልጅ ነህ? ገንደ ቆሬ? ኧረ እኔም!" ወደድከው። "ልካው ብቻ፣ መግዛት የለብህም።" ለካኸው፤ እግርህ ከገባ ልብህም ገባ። "ይሄን ሳምንት ሁሉም ይሄን ነው የወሰደው።" ብቻህን መቅረት አልፈለግህም። "ኳስ ተጫዋቾቹ የሚያደርጉት እሱን ነው።" የሚያውቅ ሰው መሰከረ። "በአንተ ቁጥር የቀረው ይቺ ብቻ ናት።" ስድስቱም በአሥር ደቂቃ። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ቁጥር የሚጠበኝ ጫማ ገዝቼ አውቃለሁ።

እነዚህ ዘዴዎች ኃጢአት አይደሉም። የቀረው በእውነት አንድ ከሆነ "አንድ ቀረ" ማለት መረጃ ነው። ከኋላ ሦስት ካርቶን እያለ ከሆነ ማታለል ነው። በጽሑፍህም ልኩ ይኸው ነው፤ ዘዴውን አንባቢው ቢያውቅብህ ታፍራለህ? ካፈርክ አውጣው።

ድሬ ላይ ሦስት አራት ቋንቋ እንቀላቅላለን። በጽሑፍስ?

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ባጃጅ ውስጥ መስማት እዚህ ተራ ነገር ነው። በንግግር ላይ ጌጥ ነው። በጽሑፍ ላይ የሚወስነው አንባቢሽ ነው። ለሰፈር ልጆች የምትለጥፊው ከሆነ "አቦ" በይ፣ ደባልቂ። ለቢሮ ወይም ለፈተና ከሆነ በአንድ ቋንቋ ጀምረሽ በዚያው ጨርሺ። የሰው ንግግር ስትጠቅሺ ግን እንዳለ ተዪው፤ ለጽሑፉ ነፍስ ይሰጠዋል።

ስንት አንቀጽ ይሁን?

ፈተና ላይ ጊዜ ስለሌለ አምስት ጥሩ ነው፦ መግቢያ፣ ሁለት ምክንያት፣ አንድ የተቃራኒ ሐሳብ ከነመልሱ፣ መዝጊያ። ከፈተና ውጭ ሐሳቡ እስኪያልቅ።

ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?

መጻፉን ይጽፍልሃል። ግን ሐሙስ ዕለት ስንት ልጅ እንደተኛ አያውቅም፣ የእናትህን ሌሊት አያውቅም። የሚሰጥህ ማንም የማይቃወመውን፣ ማንም የማይጨርሰውን ዓይነት ነው። አንድ ቦታ ግን ይጠቅማል። አንተ ከጻፍክ በኋላ "ይህን የሚቃወም ሰው ምን ይለኛል?" ብለህ ጠይቀው። ከሚሰጥህ አሥር ተቃውሞ ውስጥ ሁለቱ ያስደነግጡሃል። ለእነሱ መልሱን ራስህ ጻፍ።

የማይስማማኝ ሰው ከየት ላምጣ? ጓደኞቼ ሁሉ "አሪፍ ነው" ነው የሚሉኝ።

ጓደኛ ለዚህ አይሆንም። በነገሩ የሚጎዳውን ሰው ፈልጊ።

ያ የከሰዓት ፈረቃ ጽሑፍ አልቆ እኔም ልጁም ኮርተንበት ነበር። መምህሩን አስበናል፣ ወላጅ አስበናል፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ሰዓቱን ሁሉ አስልተናል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስንሄድ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሹፌሩ በመስታወት ያየናል። ስንወርድ ሂሳቡን ተቀብሎ ሞተሩን አላስነሳም።

"ከሰዓት ተማሪ ከሌለ እኔ ከሰባት ሰዓት በኋላ ማንን ልጫን?" አለን።

ተያየን። ልጁ እዚያው አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና አዲስ አንቀጽ ጀመረ።